ጋሽ አዘዘ ተቀመጡ

ጋሽ አዘዘ ተቀመጡ! ሰምታችኋል? ትናንት፣ ሆግቭሊት ሰፈር፣ አቶ አሸናፊ ሳሎን ውስጥ፣ ጋሽ አዘዘ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ! ልጄ ኖህ ሊያገባ ነው! የአቶ አሸናፊን ልጅ፣ ኑኃሚንን!

ውይ፣ ሰላምታው ቀረ። ሩቲ የኔ ልጅ፣ ለሜፍራው፣ ለእመቤት ኃላፊያችን፣ “ደስታው አፍኗት ነው፣ አሁን በሥርዓት ትጀምራለች” ብለሽ ተርጉሚላቸው።

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ የአረጋውያን ቤቱ ኃላፊ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የወጥ ቤቱና የጽዳቱ ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በቋንቋዬ እንድናገር የፈቀዱልኝን ሜፍራውንም አመሰግናለሁ። የኔን ደች የሰማ ሰው፣ ይህ ፈቃድ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሰሚውም ምሕረት እንደሆነ ያውቃል።

ለኬኩም አመሰግናለሁ። ሁለት ነው የተሠራው፤ አንዱ ቅቤና እንቁላል ያለው፣ አንዱ የጾም። ጠዋት ሜፍራው አይተውት “ዓለምወርቅ፣ ለምን ሁለት?” አሉኝ።

“አንዱ ለምንጾመው፣ አንዱ ለማይጾሙት” አልኳቸው።

“ሁላችሁም ክርስቲያኖች አይደላችሁም እንዴ?”

ይኸውላችሁ! ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አይወጣም።

መሄዴን ታውቃላችሁ። እህቴ አበባይሽ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ውስጥ፣ ልብስ የምታስተካክልበት ትንሽ ሱቅ አላት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። “ሻርሎይስ ተቀምጠሽ የሰው አንሶላ ስታጥፊ አረጀሽ፤ ነይ አብረን እንስፋ” አለችኝ። እሺ አልኳት። ታዲያ ገና ሱቁን ሳልረግጥ ሥራ መጣልኝ፤ የሙሽራ ቀሚስ! የማንን እንደሆነ ገምቱ።

ለአዲሶቹ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እዚህ ቤት ትልቁን አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ ያራግፈዋል፣ ከዚያ አንዱ ወደ አንዱ ይራመዳል። እጅ ከእጅ ሳይገናኝ አንሶላ አይታጠፍም። እኔ ስቀጠር ይህን የሚሠሩት ጋሽ አዘዘና አቶ አሸናፊ ነበሩ። ጋሽ አዘዘ በአገራቸው ዲያቆን የነበሩ፣ እዚህም ቅዳሴ የማያመልጣቸው የተዋሕዶ ልጅ ናቸው። አቶ አሸናፊ ደግሞ ዴንሃግ ባለች አንዲት ትንሽ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ሃይማኖት ይከራከራሉ፤ ክርክራቸው ግን የኳስ ቡድኖቹ የፌይኖርድና የአያክስ ደጋፊ ክርክር ዓይነት ነበር፤ ተሰዳድበው አብረው ሻይ ይጠጣሉ። እርስ በርሳቸውም “አንተ” ነበር የሚባባሉት። “አንተ፣ ሳበው እንጂ!” “አንተ፣ ላላ አድርገው!” ይህ ድምፅ ከማሽኑ ድምፅ እኩል የቤቱ ድምፅ ነበር።

ዘንድሮ በክረምቱ፣ ቦዩ ሁሉ በረዶ ሆኖ አገር ምድሩ የሸርተቴውን ውድድር ያየ ዕለት፣ አረጋውያኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ተጥደው እኛ በጊዜ ለምሳ ተቀመጥን። አቶ አሸናፊ ማዕዱን ባረኩና “በአማላጃችን በኢየሱስ ስም፣ አሜን” ብለው ጨረሱ።

ጋሽ አዘዘ አሜን አላሉም። የገና ጾም ነበር፤ ደረቅ ዳቧቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “ማን ነው አማላጅ?”

“ኢየሱስ ነዋ።”

“እሱማ ፈራጅ ነው! አማላጅ የሚባለው ከሚለምነው የሚያንስ ነው። ጌታን አሳንሰህ ነው ምሳ የባረክልኝ?”

“እኔ አላሳነስኩም። ‘አብ ከእኔ ይበልጣል’ ያለው ራሱ ነው።”

“‘እኔና አብ አንድ ነን’ ያለውስ ማን ነው? ጎረቤቱ?”

“አንድ ናቸው! አንድ ሆነው ነው የሚማልደው።”

“ራሱን ራሱ ይለምናል?”

“ታዲያ በጌቴሴማኒ ተደፍቶ ማንን ለመነ?”

“ያ በሥጋው ወራት ነው! በመስቀል ላይ አንድ ጊዜ ፈጽሞታል። አሁን በዙፋኑ ነው።”

“ሊያማልድ ዘወትር በሕይወት ይኖራል የሚለውንስ ቀደህ ጣልከው?”

“ጌታን ተላላኪ አደረጋችሁት!”

“እናንተ ደግሞ አርቃችሁ ሰቀላችሁት፣ ማንም እንዳይደርስበት!”

ከዚያ በኋላ ፎቅ ላይ አረጋውያኑ ለሸርተቴው ሲያጨበጭቡ ብቻ ይሰማል።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አዘዘ ገቡና “እንደምን አደሩ፣ አቶ አሸናፊ?” አሉ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?”

ሩቲ፣ ይህንን ለሜፍራው በደንብ አስረጂልኝ። ሁለት ወዳጆች አንተ ሲባባሉ ኖረው አንድ ቀን እርስዎ ሲባባሉ፣ በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

አንሶላውን አብረው ማጠፍ ተዉ። አንዱን ጫፍ ጋሽ አዘዘ፣ ሌላውን እኔ። ቀጥሎ አንዱን አቶ አሸናፊ፣ ሌላውን እኔ። “ለአቶ አዘዘ ንገሪያቸው፣ ሳሙናው አልቋል።” “ለአቶ አሸናፊ ንገሪያቸው፣ አይተናል።” አማላጅ አለ የለም ብለው ተጣልተው እኔን አማላጅ አደረጉኝ!

አንዳንዶቻችሁ በዚያን ሰሞን “አንቺ ከየትኛው ወገን ነሽ?” ብላችሁኝ ነበር። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ እንደ ተጠመቅሁ አለሁ፤ ይህን ማንም ያውቃል። ክርክሩን ግን እንደ አላፊ አግዳሚ ነበር የምሰማው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አንዱ ጥቅስ ሲያወጣ ልክ ነው እላለሁ፣ ሌላው ሲያወጣም ልክ ነው እላለሁ። “ይበልጣል” የሚለውም “አንድ ነን” የሚለውም ዮሐንስ ላይ ነው ያለው፤ ጥቂት ገጽ ነው የሚራራቁት። የጻፈው ሰው ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ምንም የጨነቀው አይመስልም። የጨነቀን እኛ ነን። ከዚህ አልፌ የምለው የለኝም፤ መምህራኑ እዚህ ተቀምጠዋል፣ እነሱን ጠይቁ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ኖህና ኑኃሚን።

አምና በበጋው የቤቱ ድግስ ላይ አቶ አሸናፊ ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ኖህ ደግሞ ትራሙን አቁሞ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ እኔን ሊወስድ መጣ። እኔን ሳይወስድ ቀረ። በኋላ “እማ፣ ላገባት ነው” ሲለኝ “ቆይ፣ በወጉ ይሁን፤ ጋሽ አዘዘን ሽማግሌ እልካለሁ፤ የአቶ አሸናፊ የልብ ወዳጅ ናቸው” አልኩት። ይህን ባልኩ በሳምንቱ ያ ምሳ መጣ። አሁን ማንን ልላክ? የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይሆናል?

ልጁ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ሰለቸው። አንድ ቀን ለእኔ ሳይነግር አበባ ገዝቶ፣ ሜትሮ ተሳፍሮ ብቻውን ሆግቭሊት ሄደ።

በማግስቱ አቶ አሸናፊ አንሶላውን በወዲያ ጫፍ ይዘው፣ ዓይናቸውን አንሶላው ላይ ተክለው፣ “ወይዘሮ ዓለምወርቅ፣ ልጅዎ ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር” አሉኝ፤ እኔንም እርስዎ ብለው።

“ምነው? ምን አለ?”

“‘አሸናፊ፣ ልጅህን ላገባት እፈልጋለሁ፤ አንተ ምን ትላለህ?’ አለኝ።”

“አንተ?”

“አንተ።”

“እርስዎስ ምን አሉት?”

“ምን እላለሁ? በሩን ዘጋሁት።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቤት እንደገባሁ ያዝኩት። “አንተ ልጅ! ምን ብትደፍር ነው አቶ አሸናፊን አንተ ያልካቸው?”

“እማ፣ አክብሬ እኮ ነው!”

“አንተ ማለት ማክበር ነው?”

“አንቺ ስትጸልዪ እግዚአብሔርን ምን ትይዋለሽ?”

“አንተ ነዋ።”

“ደቾቹ ሲጸልዩ ‘ኡ’፣ እርስዎ፣ ነው የሚሉት፤ ለአባታቸው ግን ‘የይ’፣ አንተ፣ ይላሉ። በአማርኛ ተገላብጦ እግዚአብሔር አንተ፣ አባት እርስዎ ሆነ። እኔ የቱ እንደሚበልጥ ጠፋኝ፤ ለሳቸው ትልቁን ልስጥ ብዬ የእግዚአብሔርን ሰጠኋቸው።”

ትስቃላችሁ። እኔም ስቄ ነበር። በሩ ግን እንደተዘጋ ነው፤ ኑኃሚንም በዚያ በር ውስጥ ናት፤ “አባቴ ሳይፈቅድ አልወጣም” ብላለች። ልጄ ምግብ ተወ። ትራሙን ሲነዳ ፌርማታ እያለፈ ሰው ይጮህበት ጀመር።

ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ወደ ጋሽ አዘዘ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። “ጋሽ አዘዘ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።”

“እኔ? አሸናፊ ቤት? አማላጅ ሆኜ?”

“ሽማግሌ ነው ያልኩት።”

“ያው ነው እኮ፤ ስሙን አታሳምሪው።” ቀጠሉና “ምን አለው ነው ያልሽኝ? አንተ?” አሉ። ኖህን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፣ እዚሁ ሻርሎይስ፣ ቤታቸው። “ሀሁን አስቆጥሬ እርስዎን ሳላስተምረው ቀረሁ። ግድ የለም፣ እሄዳለሁ።”

ሩቲ፣ እዚህ ጋ ቆም በይና አስረጂያቸው። በእኛ ወግ ሽማግሌ ልጅ ሊለምን ሲሄድ አይቀመጥም። ተቀመጥ ቢሉት “ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም” ይላል። የተቀመጠ ጊዜ ልጅቷ ተሰጥታለች ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ አዘዘ ቆመው ቆዩ፣ ቆመው ተመለሱ። “እግሬን አመመኝ እንጂ ሌላ ወሬ የለም” አሉኝ።

ትናንት ደግመው ሄዱ። የሆነውን የነገረችኝ ኑኃሚን ናት፤ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሆና ሰምታ። ባለጉዳዮቹ ፊቴ ስለተቀመጡ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

“ይቀመጡ፣ አቶ አዘዘ።”

“ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም።”

“በማን ስም ነው የመጡት?”

“በልጁ ስም።”

“ስለዚህ አማላጅ ነዎት።”

“ሽማግሌ ነኝ።”

“አማላጅ ከሚለምነው ያንሳል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ዛሬ ከእኔ አንሰው ነው የመጡት?”

ጋሽ አዘዘ ኮፍያቸውን አዟዟሩ። ከዚያ “አላነስኩም። ሽማግሌ የሚላከው ስለሚያንስ ነው እንዴ? ልጁ ከሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚያከብረውን መርጦ ነው የላከው” አሉ።

የተናገሩትን ጆሯቸው ሰማው። የአቶ አሸናፊም ጆሮ ሰማው።

“እኔስ ከዚህ ሌላ ምን አልኩ?” አሉ አቶ አሸናፊ።

“አይሆንም! ይህ የሰው ነገር ነው፤ በጌታ ላይ አይተረጎምም! አይጠምዝዙብኝ!”

“ጥሩ፣ ይቆየን። አሁን እንደ አባት ልናገር። እኔ ልጄ ‘ጌታን አሳንሰሻል’ እየተባለች እንድትኖር አልፈልግም። ይኸው ነው ፍርሃቴ።”

“ፊደል ያስቆጠርኩት የኔም ልጅ ‘ጌታን አታውቅም’ እየተባለ እንዲኖር አልፈልግም። የኔም ፍርሃት ይኸው ነው።”

ኑኃሚን እንደምትለው፣ እዚህ ላይ ሁለቱም ደክሟቸዋል። አቶ አሸናፊ፣ ያ ነገር ከውስጣቸው አልወጣ ብሎ፣ “ደግሞም ልጁ አንተ ነው ያለኝ” አሉ።

“ታዲያ አንተስ ስትጸልይ እግዚአብሔርን ምን ትለዋለህ?”

አምልጧቸው ነው። “አንተ” ወጣች።

“ምን አልከኝ?” አሉ አቶ አሸናፊ። እሳቸውም አመለጣቸው።

“አንተ አልኩህ! እስቲ መልስልኝ፤ ወልድ ተላልፎ በተሰጠባት ምሽት ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲጸልይ አብን ምን አለው? እርስዎ አለው?”

“አንተ ነው ያለው።”

“ንቆት ነው?”

“ኧረ ተው! አንድ ስለሆኑ፣ ስለሚዋደዱ ነው እንጂ!”

“ይኸው ተስማማን።”

“በዚህ ብቻ!”

“በዚህ ብቻ ይሁን፣ ምን ቸገረኝ።”

“እንግዲህ ቁጭ በል፣ አዘዘ።”

“ጉዳዬስ?”

“ቁጭ በል አልኩህ እኮ!”

ጋሽ አዘዘም ተቀመጡ። ኑኃሚን ከበሩ ጀርባ እልል አለች፤ ለራሷ ሠርግ ራሷ እልል ያለች ሙሽራ ይህችን አየሁ። እውነት ነው ወይስ ተሳሳትኩ፣ አቶ አሸናፊ? “ቀጥዪ፣ አልተሳሳትሽም” ይላሉ። ሰምታችኋል።

ኖህማ በሩ ከተዘጋበት ወዲህ ተምሯል። ከመጠን በላይ ተምሯል! ሁሉን ሰው እርስዎ ይላል። የጎረቤታችንን ድመት “ይምጡ” ሲላት ሰምቼዋለሁ። ትናንት ተጠርቶ ሄዶ አቶ አሸናፊ “ከእንግዲህ ልጄ ነህ፣ አንተ በለኝ” ቢሉት “እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ” አላቸው።

ደግሞ ክርክሩ አለቀ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አማላጅ ነው፣ ፈራጅ ነው የሚለው ባለበት ነው። የሠርጉ ጸሎት በማን ቤተ ክርስቲያን ይሁን የሚለውም ገና ያጨቃጭቃል፤ ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን ከሚለው በቀር ያለቀ ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት ግን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስገባ ትልቁ አንሶላ በሁለቱ መካከል ተወጥሮ ነበር። “አንተ፣ ቆላስይስን አንብብ!” “አንተ፣ ዕብራውያንን አንብብ!” “አንተ፣ ጫፉን ሳብ እንጂ፣ ምን ትለፈልፋለህ!” ከዚያ እየተጨቃጨቁ አንዱ ወደ አንዱ ተራመዱ። የኔ እጅ አላስፈለጋቸውም። በዚያች ደቂቃ፣ ከዚህ ቤት አሁን ብሄድ አይከፋኝም አልኩ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ሜፍራው፣ እርጅና ሲመጣ እርስዎ ለእነዚህ አረጋውያን እንዳሰቡት የሚያስብልዎ ሰው አይጡ። ሩቲ፣ ዛሬ ስትተረጉሚ ደክመሻል፤ ትምህርትሽን ጨርሰሽ የምትተረጉሚው የራስሽ ደስታ ይሁን። የመኖሪያ ፈቃድ የምትጠብቁ፣ የተባረከ ፖስታ ይግባላችሁ። ከአገር ቤት የምታስመጡት ያላችሁ፣ ኤርፖርት ቆማችሁ የምታለቅሱት የደስታ ለቅሶ ያድርግላችሁ። ወገባችሁ ይጽና፣ ማሽኑ አይበላሽባችሁ። አንሶላ የምትይዙ ሁሉ፣ በወዲያኛው ጫፍ የሚይዝላችሁ ሰው አትጡ። ጋሽ አዘዘ፣ አቶ አሸናፊ፣ ለሁለታችሁም የምመኘው አንድ ነው፤ የልጅ ልጅ አቅፋችሁ ስሙን ማን ያውጣ ብላችሁ ለመከራከር ያብቃችሁ።

ቀኑ? ቀኑንም የቆረጡት እነሱው ናቸው። ጋሽ አዘዘ “ዳግማይ ትንሣኤ ይሁን፤ ቶማስ ‘ጌታዬ አምላኬም’ ያለበት ቀን ነው” አሉ። አቶ አሸናፊም “በዚህ ቃልማ እኔም አልከራከርም” አሉ። ለሜፍራው ስነግራቸው ካላንደሩን አዩና “በሜይ መጀመሪያ ነው፤ በዚያ ሰሞን እኮ አገሩ ሁሉ ለዓለም ጦርነቱ ሙታን ሁለት ደቂቃ ዝም ይላል” አሉኝ። እነዚህ ሁለቱ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም ካሉ፣ ሜፍራው፣ እኔ ተአምር ነው ብዬ እመሰክራለሁ።

አዳራሹ እዚሁ ሻርሎይስ ነው። ያን ጊዜ ጾሙ ያልፋልና ኬኩ አንድ ይሆናል። የሚጾመውም የማይጾመውም፣ አንተ የሚባለውም እርስዎ የሚባለውም ይምጣ፤ በር ላይ ቆሞ የሚቀር እንዳይኖር፣ ወንበር ለሁላችሁም ይበቃል። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፤ መጥታችሁ ተቀመጡልኝ።